የጉበት በሮችና የሚረጋው ዘይት

ኮሌስትሮል ሰውነት ያለ እሱ መኖር የማይችል ቅባት መሰል ንጥረ ነገር ሲሆን፣ የእያንዳንዱ ሕዋስ ሽፋን፣ የወንድና የሴት ሆርሞኖች፣ ቫይታሚን ዲ እና ቅባትን የሚያሟሟው ሐሞት ሁሉ የሚሠሩት ከእሱ ነው። ስሙም ሐሞትና ጠጣር ከሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት የተገጣጠመው መጀመሪያ የታወቀው ከሐሞት ጠጠር ውስጥ ስለሆነ ነው። ደም ውሃማ በመሆኑ ቅባት በራሱ ሊጓዝበት ስለማይችል፣ ኮሌስትሮል ከፕሮቲን ጋር በተሠሩ ጥቃቅን እሽጎች ተጭኖ ይዘዋወራል። ከእነዚህም ኤል ዲ ኤል የተባለው ሲበዛ ወደ ደም ወሳጅ ቧንቧዎች ግድግዳ እየሰረገ ይጠራቀማል፣ ቧንቧውን ያጠብባል፣ በመጨረሻም ለልብ ሕመምና ለስትሮክ መንስኤ ይሆናል። ኤች ዲ ኤል የተባለው ደግሞ ትርፉን ወደ ጉበት ይመልሳል።

የኮሌስትሮል መብዛት አያምም፣ አያዞርም፣ አያደክምም፤ በአብዛኛው የሚታወቀው በደም ምርመራ ብቻ ነው። ስለዚህ "ደህና ነኝ" በሚል ስሜት ምርመራን ማዘግየት ምንም መሠረት የለውም፤ በተለይም ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት፣ ሲጋራ የሚያጨስ ወይም ከቤተሰቡ በወጣትነቱ በልብ ሕመም የተያዘ ሰው ያለው ሁሉ ልኬቱን ማወቅ ይገባዋል።

በአቃቂ ቃሊቲ፣ እንደ ሌላው የአዲስ አበባ ክፍል ሁሉ፣ ስለ ኮሌስትሮል የሚደረገው ክርክር በአብዛኛው የሚነሳው ሐኪም ፊት ሳይሆን ዘይት ጀሪካን አጠገብ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ፣ ከማሌዢያና ከኢንዶኔዢያ እየመጣ በሸማቾች ማኅበራትና በየሱቁ የሚከፋፈለው የፓልም ዘይት ማለዳ ላይ ነጭ ጉም ይለብስና ከጀሪካኑ ሥር ጀምሮ እንደ ገንፎ ይወፍራል። የቤቱ እመቤት ወይ ፀሐይ ላይ ታስቀምጠዋለች ወይ ሙቅ ውሃ ውስጥ ትነክረዋለች፤ ቀኑ ሲሞቅም መልሶ ይጠራል። ከአጠገቡ የተቀመጠ የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ግን በዚያው ብርድ ፈሳሽ እንደሆነ ያድራል። "የሚረጋ ዘይት" የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ሲሆን፣ ሕዝቡ ያለ ቤተ ሙከራ በዓይኑ ብቻ የደረሰበት ይህ ልዩነት ከሚገባው በላይ የተናቀ እውቀት ነው።

የተናቀበት አንዱ ምክንያት ልዩነቱ ትክክል ሆኖ ሳለ የሚሰጠው ማብራሪያ የተሳሳተ መሆኑ ነው። ብዙ ሰው ዘይቱ የሚረጋው ኮሌስትሮል ስላለው ነው ይላል፤ ነጋዴው ደግሞ በጀሪካኑ ላይ "ከኮሌስትሮል ነፃ" የሚለውን ጽሑፍ እያሳየ ይከራከራል። በዚህ ክርክር ነጋዴው ይረታል፤ ገዢው ግን ይጎዳል። ኮሌስትሮል በብዛት የሚገኘው በእንስሳት ሕዋስ ውስጥ ስለሆነ ከዕፅዋት የሚጨመቅ ዘይት ሁሉ፣ ኑጉም፣ ሱፉም፣ ሰሊጡም፣ ፓልሙም፣ በተግባር ከኮሌስትሮል ነፃ ነው። ጽሑፉ እውነት ቢሆንም አንዱን ዘይት ከሌላው አይለይም፤ ዘይቱ በበላተኛው ደም ውስጥ ስለሚያደርገውም ነገር የሚናገረው የለም። ሌላው የተለመደ አባባል በጀሪካን የረጋ ዘይት በደም ሥርም ይረጋል የሚለው ነው። ይህም ትክክል አይደለም፤ የሰውነት ሙቀት 37 ዲግሪ ገደማ ከመሆኑም በላይ፣ ዘይት አንጀት ውስጥ ተሰባብሮና ተፈጭቶ ያልፋል እንጂ እንደ ነበረ ሆኖ ወደ ደም አይገባም።

እውነተኛው ምክንያት ከዚህ የረቀቀ ነው። ቅባት የሚሠራው ከረጃጅም የካርቦን ሰንሰለቶች ሲሆን፣ ሰንሰለቶቹ ቀጥ ያሉ ከሆኑ እንደ ተደረደረ ፍልጥ ተጠጋግተው ይጠነክራሉ፤ መካከላቸው ላይ የጎበጡ ከሆኑ ግን እንደ ጭራሮ ክምር ክፍተት እየተዉ ስለሚቀመጡ ዘይቱ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። ቀጥ ያለው ዓይነት በሕክምና ቋንቋ ሳቹሬትድ፣ በአማርኛ ደግሞ የሚረጋ ስብ ሊባል የሚችለው ነው። ከፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የዚህ ዓይነት ስብ ሲሆን፣ ንጥር ቅቤ ከዚያም ይበልጣል፤ በዱከም መንገድ ሥጋ ቤቶች በክብር የሚቀርበው ጮማም ከዚሁ ወገን ነው። በኑግ ዘይት ውስጥ ግን ከፍተኛውን ድርሻ የሚይዘው ሊኖሌይክ አሲድ የተባለው የጎበጠ ሰንሰለት ነው።

ሰንሰለቱ በጉበት ላይ የሚያደርገውን ለማስረዳት ወደ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ ወደ ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን መመለስ ያስፈልጋል። እነዚህ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1985 የኖቤል ሽልማት የተሸለሙት በሕዋሶች ገጽ ላይ ኤል ዲ ኤልን ከደም እየያዙ ወደ ውስጥ የሚያስገቡ ተቀባዮች መኖራቸውን በማግኘታቸው ነው። ተቀባዮቹን በር ብሎ መጥራት ሥራቸውን በሚገባ ይገልጸዋል። ከሁሉም ሕዋስ ይልቅ እነዚህን በሮች በብዛት የሚከፍተው ጉበት ነው፤ ብዙ በር ሲከፈት ከደም ብዙ ኤል ዲ ኤል ይነሳል፣ በሩ ሲቀንስ ደግሞ ኤል ዲ ኤሉ በደም ውስጥ ሲዞር ይቆያል። የሚረጋ ስብ የሚጎዳው የጉበትን በሮች ቁጥር ስለሚቀንስ ነው፤ የጎበጠው ሰንሰለት ቦታውን ሲተካ በሮቹ ይጨምራሉ። ሰውነት ከሚያስፈልገው ኮሌስትሮል አብዛኛውን የሚሠራው ራሱ ስለሆነ፣ በእንቁላል ወይም በሌላ ምግብ ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል የሚያስከትለው ለውጥ ለብዙ ሰው ከሚረጋው ስብ ያነሰ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 የሚረጋ ስብ የበዛባቸውን ቅባቶች ለይቶ ታክስ መጣሉም ይህንኑ ልዩነት የተከተለ ነው፤ የአዋጁ መለኪያ የስቡ ዓይነት እንጂ በጀሪካኑ ላይ የተጻፈው አይደለም።

ኑግን የሚመርጥ ሰውም ቢሆን ዘይቱን በአግባቡ መያዝ ይኖርበታል። የኑግ ዘይት ብርሃንና ሙቀት ቶሎ ያበላሹታል፤ ስለዚህ መስኮት ላይ ሳይሆን ጨለማ ቦታ ተከድኖ መቀመጥ አለበት። ከሁሉም የከፋው ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ የሚጠብሱ ሰዎች አንድን ዘይት እስኪጠቁር ድረስ ለቀናት ደጋግመው ማፍላታቸው ነው፤ ይህ ልማድ የትኛውንም ዘይት የሚያበላሽ ስለሆነ መተው ይገባዋል።

ጾም በዚህ ጉዳይ ላይ ሰፊ ስፍራ አለው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሰባት የአዋጅ አጽዋማት፣ ከእነርሱም ውስጥ 55 ቀን የሚጾመው ዐቢይ ጾም፣ እንዲሁም ረቡዕና ዓርብ ሥጋን፣ ቅቤን፣ ወተትንና እንቁላልን ከማዕድ ያነሳሉ፤ ይህም የሚረጋ ስብን ለመቀነስ ከማንኛውም የሐኪም ምክር የበለጠ ዕድል የሚሰጥ ሥርዓት ነው። ይሁን እንጂ የጾሙ ወጥ በፓልም ዘይት ከተንሳፈፈ፣ በቅቤው የወጣው ስብ በዘይቱ ተመልሶ ይገባል። ሽሮው፣ ምስሩና ባቄላው ግን ሌላ በረከት አላቸው፤ በውስጣቸው ያለው የሚሟሟ አሰር አንጀት ውስጥ ሐሞትን ይዞ ከሰገራ ጋር ያስወጣል፤ ጉበትም አዲስ ሐሞት ለመሥራት ከደም ኮሌስትሮል መሳብ ስላለበት በሮቹን ይጨምራል። በዚህ ረገድ ገብስ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። ቤታ ግሉካን የተባለው የገብስ አሰር በቀን 3 ግራም ያህል ሲገኝ ኤል ዲ ኤልን በ5 ከመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ በሶውም፣ ቆሎውም፣ ቅንጬውም ምንጮቹ ናቸው። ተልባና አብሽም በዚሁ መንገድ ይረዳሉ። ነጭ ሽንኩርትን ከሎሚ ጋር አፍልቶ መጠጣት ግን ውጤቱ አነስተኛ ስለሆነ፣ መድኃኒት የታዘዘለት ሰው መድኃኒቱን በእሱ መተካት የለበትም። ቡናን በተመለከተም ካፌስቶል የተባለ ቅባት ኤል ዲ ኤልን ከፍ እንደሚያደርግ የታወቀው ቡናን አፍልተው በሚጠጡት የስካንዲኔቪያ ሰዎች ሲሆን፣ የወረቀት ማጣሪያ ይህን ቅባት ይይዘዋል። በጀበና አፍ ላይ የሚደረገው ውታፍ የሚያስቀረው አተላውን ነው እንጂ ቅባቱን አይደለም፤ ስለዚህ ልኬቱ ከፍ ያለበት ሰው ከአቦል እስከ በረካ ሁሉንም መጠጣቱን ቢቀንስ ይሻለዋል።

የአካል እንቅስቃሴ ልብን ያጠነክራል፣ ደም ግፊትንና ስኳርን ያወርዳል፣ ትራይግሊሰራይድ የተባለውን የደም ቅባት ይቀንሳል፣ ኤች ዲ ኤልንም በመጠኑ ይጨምራል፤ በኤል ዲ ኤል ላይ ያለው ኃይል ግን ትንሽ ነው። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ለሁሉም ይመከራል። በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል በቤጂንግ ኦሊምፒክ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ባሸነፈችው በጥሩነሽ ዲባባ ስም መጠራቱ በበሩ ለሚያልፍ ሁሉ መልካም ማሳሰቢያ ነው፤ ሆኖም ብዙ ስለሚራመድ ብቻ ኮሌስትሮሉ እንደማይጨምር የሚያምን ሰው ተሳስቷል።

ምግብና እንቅስቃሴ በቂ ሳይሆኑ ሲቀሩ፣ ወይም አደጋው ከፍ ያለ ሲሆን፣ ስታቲን የተባሉት መድኃኒቶች ይታዘዛሉ። የእነዚህ መድኃኒቶች መነሻ ሻጋታ ነው። ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ ከ6,000 የሚበልጡ ረቂቅ ፍጥረታትን መርምሮ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ከኪዮቶ እህል መደብር በተገኘ ሩዝ ላይ ከበቀለ ሻጋታ የመጀመሪያውን ስታቲን ያገኘ ሲሆን፣ ለሕክምና ገበያ የተፈቀደው የመጀመሪያው ስታቲን ሎቫስታቲን እ.ኤ.አ. በ1987 ወጥቷል። ዛሬ በብዛት ከሚታዘዙት መካከል አቶርቫስታቲንና ሲምቫስታቲን ይገኛሉ። ስታቲን ጉበት ኮሌስትሮል የሚሠራበትን ኢንዛይም ይገታል፤ ጉበቱም እጥረት ሲሰማው በሮቹን አብዝቶ ከደም ይስባል። ስለዚህ ኪኒኑ የሚሠራው ዘይት በመለወጥና ገብስ በመብላት በተጀመረው በዚያው መንገድ ነው፤ እንደ ዓይነቱና እንደ መጠኑም ኤል ዲ ኤልን ከ30 እስከ 50 ከመቶ ያወርዳል። መጠኑን በእጥፍ መጨመር ግን የሚያስገኘው ተጨማሪ ቅናሽ 6 ከመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ታማሚው በራሱ ፈቃድ ሁለት ኪኒን መዋጡ ጥቅሙ አነስተኛ ነው፣ የጡንቻ ጉዳት ስጋትን ግን ይጨምራል። ምክንያቱ ያልታወቀ የጡንቻ ሕመም ወይም የጠቆረ ሽንት የታየበት ሰው ወዲያውኑ ሐኪሙን ማነጋገር አለበት፤ ያረገዘች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴትም መድኃኒቱን ከመቀጠሏ በፊት ማማከር ይኖርባታል። ክላሪትሮማይሲንን የመሰሉ አንቲባዮቲኮችና አንዳንድ የኤች አይ ቪ መድኃኒቶች የስታቲንን መጠን በደም ውስጥ ስለሚያበዙ፣ ታማሚው የሚወስደውን ሁሉ ለመድኃኒት ባለሙያው መናገሩ ግድ ነው።

ኪኒኑን ጀምረው ልኬታቸው ሲወርድ "ድኛለሁ" ብለው የሚያቆሙ ሰዎች እጅግ ብዙ ናቸው። ልኬቱ የወረደው መድኃኒቱ በሮቹን ከፍቶ ስለያዘ ስለሆነ፣ ሲቆም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ኤል ዲ ኤል ወደ ነበረበት ይመለሳል። ከዚህም ሌላ በሮቹ ከውልደት ጀምሮ የጎደሉባቸው ሰዎች አሉ። የቤተሰብ ውርስ የሆነው ይህ ሕመም ከወላጅ ወደ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ሲሆን፣ አንዳንድ ጊዜም ከተረከዝ በላይ ባለው ጅማት ወይም በዓይን ቆብ ላይ በሚወጣ ቢጫ እብጠት ይታወቃል። እንዲህ ያለው ሰው ሥጋና ቅቤ ባይነካም ልኬቱ ከፍ እንዳለ ይቆያል፤ የእሱ ልጆችም ምንም ሳያማቸው በልጅነታቸው መመርመር አለባቸው።