ዓይን የማይይዘውን ብርሃን ካሜራ ይይዘዋል

በትንሽ ቴሌስኮፕ የኦሪዮንን ኔቡላ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ብዙውን ጊዜ ቅር ይለዋል። መጽሐፍ ላይ የሚያውቀው ቀይና ሐምራዊ ደመና ነው፤ ሌንሱ ውስጥ የሚያገኘው ግን ግራጫ ጭጋግ ነው። ቴሌስኮፑ አልተበላሸም። ነገሩ የዓይናችን አፈጣጠር ነው፦ በጨለማ የሚሠሩት የዓይን ሕዋሳት ቀለም አይለዩም፤ በዚያ ላይ ዓይን የገባለትን ብርሃን ለአንድ ሰከንድ እንኳ ይዞ አይቆይም፤ በየቅጽበቱ አሮጌውን እየጣለ አዲስ ምስል ይቀበላል። የካሜራ ሴንሰር ግን የመጣለትን ብርሃን ለአሥርም ለሠላሳም ሰከንድ፣ ከጣሪያ የሚወርድ ጠብታ በርሜል ውስጥ እንደሚጠራቀመው ሁሉ፣ ያጠራቅመዋል።

የቪዲዮ ሥነ ፈለክ የሚባለው የትርፍ ጊዜ ሥራ የተወለደው ከዚሁ ልዩነት ነው። አይፒስ፣ ማለትም ዓይናችንን የምናስጠጋበት ሌንስ፣ ይወጣና በቦታው ትንሽ ካሜራ ይገባል። የብዙዎቹ ካሜራዎች አፍንጫ 31.7 ሚሊሜትር ስለሆነ በአይፒሱ ቀዳዳ ልክ ነው። ካሜራው በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፕ ጋር ይገናኛል፤ ምስሉም እዚያው እያየነው ስክሪኑ ላይ እየጎላ ይመጣል። ከሥነ ፈለክ ፎቶግራፍ የሚለየውም በዚህ ነው። ፎቶ አንሺው ሌሊቱን ሙሉ ሰብስቦ በማግሥቱ ኮምፒውተር ላይ ሲደክም ይውላል፤ የቪዲዮ ተመልካች ግን ዓላማው አሁን ማየት ነው። ደግሞም ቴሌስኮፕ በባሕርዩ የአንድ ሰው ዕቃ ነው፤ አባት ሲያስተካክል፣ እናት ስታይ፣ ልጅ ተራውን ሲጠብቅ እንቅልፍ ይወስደዋል። ስክሪን ካለ ቤተሰቡም ጎረቤቱም እኩል ያያል። ለእኔ የዚህ ሥራ ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው።

ታሪኩ ብዙ አያቆየንም። ሲሲዲ የተባለው ሴንሰር እ.ኤ.አ. በ1969 በቤል ላቦራቶሪ ተፈጠረ፤ ፈጣሪዎቹ ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ በ2009 የኖቤል ሽልማት ተካፍለውበታል። ቀደምቶቹ አማተሮች በጨለማ ለማየት የተሠሩ የጥበቃ ካሜራዎችን ከቴሌስኮፕ ጋር ያጋቡ ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ለቪዲዮ ጥሪ የተሸጠ የፊሊፕስ ዌብካም ሌንሱ እየተነቀለ ፕላኔት መቅረጫ ሆነ። ዛሬ በገበያ ያሉት አብዛኞቹ ካሜራዎች ሲሞስ የተባለው የሶኒ ሴንሰር የተገጠመላቸው ናቸው።

ፕላኔትና ኔቡላ ግን አንድ ዓይነት ሥራ አይጠይቁም። ጁፒተር ብሩህ ስለሆነ የብርሃን ችግር የለበትም፤ ችግሩ በላያችን ያለው አየር ነው፤ ሲናወጥ ምስሉን ያርገበግበዋል። ስለዚህ በሰከንድ መቶ ፍሬም ገደማ የሚይዝ ቪዲዮ ለሁለት ደቂቃ ይቀረጻል። ከተገኙት 12,000 ፍሬሞች ውስጥ አየሩ ለቅጽበት የረጋባቸው ጥቂቶቹ ብቻ ጥርት ያሉ ናቸው። አውቶስታከርት የሚባለው ነፃ ፕሮግራም እነዚያን መርጦ ይደራርባል፤ የቀሩትን ይጥላል። ቀረጻው ለምን አይረዝምም ቢሉ፣ ጁፒተር በራሱ ዛቢያ ዙሩን የሚጨርሰው አሥር ሰዓት ሳይሞላው ነው፤ ትንሽ ከቆዩበት የገጹ ዝርዝር ከቦታው ይንሸራተታል።

እንዲህ ያለው ቀረጻ ጨዋታ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ጁን 3 ቀን 2010 አውስትራሊያዊው አማተር አንቶኒ ዌስሊ ጁፒተርን እየቀረጸ ሳለ ለሁለት ሰከንድ ያህል የቆየ ብልጭታ አየ። ፊሊፒንስ የሚኖረው ክሪስቶፈር ጎም የራሱን ቀረጻ ሲፈትሽ ያንኑ ብልጭታ አገኘ። ተመራማሪዎች ሁለቱን ቪዲዮ መርምረው፣ አሥር ሜትር ገደማ ስፋት ያለው አካል ጁፒተር ከባቢ አየር ውስጥ ገብቶ መንደዱን ገመቱ። ዌስሊ በዓይኑ ብቻ አይቶ ቢሆን ኖሮ ማን ያምነው ነበር?

ኔቡላና ጋላክሲ ላይ ደግሞ ጉዳዩ ብርሃን ማጠራቀም ነው። ሻርፕካፕ የሚባለው ፕሮግራም አሥር አሥር ሰከንድ የሚፈጁ ፍሬሞችን እየተቀበለ፣ ከዋክብቱን እያገጣጠመ፣ እዚያው ይደራርባቸዋል። የመጀመሪያው ፍሬም እንደ አሸዋ የተበተነ ነጥብ የሞላበት ነው፤ አሥረኛው ላይ ደመናው ቅርጽ ይይዛል፤ ሠላሳኛው ላይ ቀለሙ ይለያል። ሒሳቡ ግን ስስታም ነው። መቶ ፍሬም ሲደራረብ የምስሉ ጥራት ከአንዱ ፍሬም አሥር እጥፍ ይሻላል፤ አራት መቶ ሲደራረብ ግን ሃያ እጥፍ ብቻ ነው። አራት እጥፍ ጊዜ ጠብቆ የሚገኘው ሁለት እጥፍ ነውና፣ አንድ ነገር ላይ አሥር ደቂቃ ከቆዩ በኋላ ወደ ሌላው መሄድ ይሻላል።

ገንዘቡስ የት ይውጣ? ቴሌስኮፕ ሻጮች ሣጥኑ ላይ በትልቁ 500 ጊዜ ያጎላል ብለው ይጽፋሉ። ይህን ያያችሁበትን ሣጥን መልሳችሁ አስቀምጡት። ለዚህ ሥራ ማጉላት የመጨረሻው ነገር ነው፤ የመጀመሪያው መቆሚያው ነው። ምድር ስለምትዞር ሰማዩ ይንሸራተታል፤ በሞተር ተከትሎ የማይዞር መቆሚያ ላይ አሥር ሰከንድ የተከፈተ ካሜራ የሚሰጠው የተሰመረ ኮከብ ነው። ከበጀታችሁ ትልቁን ድርሻ ለመቆሚያው ስጡ።

ቀጥሎ የሚታየው የትኩረት ርዝመት ነው፤ ማለትም ብርሃኑ ከዋናው ሌንስ ወይም መስታወት ተነሥቶ ነጥብ ላይ እስኪሰበሰብ የሚጓዘው ርቀት። ይህ ርቀት ለቴሌስኮፑ አፍ ስፋት ሲካፈል 10 ከሆነ ምስሉ ደብዛዛ ነው፤ 5 ከሆነ ያንኑ ብርሃን በሩብ ጊዜ ይሰበስባል። ሪዲዩሰር የሚባለው ትንሽ ሌንስ ከካሜራው ፊት የሚገባው ለዚሁ ነው። ሴንሰሩም ትንሽ መሆኑን አትርሱ። አይኤምኤክስ 462 የሚባለው ተወዳጅ ሴንሰር 5.6 በ3.2 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ 1,000 ሚሊሜትር የትኩረት ርዝመት ባለው ቴሌስኮፕ ላይ ሲገጠም የጨረቃን ሙሉ ገጽ እንኳ አይይዝም። ትልቅ ቴሌስኮፕ የገዛ ሰው ጨረቃ ፍሬሙን ሞልታ ስትተርፍበት የሚደነግጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ከኢትዮጵያ ለሚጀምር ሰው ደግሞ በውጭ የተጻፉ መመሪያዎች የማይነግሩት ነገር አለ። ኢኳቶሪያል የሚባለው መቆሚያ አንዱ ዘንጉ የሰሜን ኮከብ ወዳለበት አቅጣጫ መነጣጠር አለበት። አዲስ አበባ ላይ የሰሜን ኮከብ ከአድማሱ 9 ዲግሪ ብቻ ነው ከፍ የሚለው፤ በሰሜን በኩል እንጦጦ፣ ፎቅና ጭስ አለ። ብዙዎቹ መቆሚያዎችም ለአውሮፓና ለአሜሪካ ሰማይ የተሠሩ ስለሆኑ ያን ያህል ዝቅ ለማለት ይቸገራሉ። ስለዚህ ወደ ላይና ወደ ጎን የሚዞረውን፣ ኮምፒውተር ያለበትን መቆሚያ ግዙ። እርግጥ በዚህ መቆሚያ ምስሉ ቀስ በቀስ ይዞራል፤ አጫጭር ፍሬሞችን ሲያገጣጥም ግን ፕሮግራሙ ያንን ያርመዋል።

በምላሹ ሰማያችን ይክሳል። ጥር አጋማሽ ላይ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ 1,300 የብርሃን ዓመት ያህል የሚርቀው የኦሪዮን ኔቡላ ከአዲስ አበባ አናት ብዙም ሳይርቅ ይቆማል። ግንቦት ላይ፣ ደመናው ከፈቀደ፣ ኦሜጋ ሴንታውሪ የተባለው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ከዋክብት ክምችት በደቡብ በኩል ከ30 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ለንደን ላለ ወዳጃችሁ ከአድማስ በላይ ወጥቶ አያውቅም፤ ዋሽንግተን ላለው ደግሞ አድማሱን ታክኮ ያልፋል። ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች የተተከሉበት የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ የሚያየውም ይህንኑ ሰማይ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ክረምት ግን ዕቃ ማጽጃና ፕሮግራም መለማመጃ ይሁን።

የመጀመሪያው ምሽት በጨረቃ ይጀመር። ላፕቶፑንና ፕሮግራሙን ቀን፣ ሩቅ ያለ ምሰሶ ላይ አነጣጥራችሁ ሞክሩ። ካሜራው የሚፈልገው የፎከስ ቦታ ከአይፒሱ ይለያል፤ አንዳንድ ቴሌስኮፕ ጭራሽ አይደርስለትም፤ ይህን በጨለማ ከማወቅ በብርሃን ማወቅ ይቀላል። ማታ ጨረቃ ላይ ፎከሱ ከተገኘ በኋላ ሳይነካ ወደ ደማቅ ኮከብ፣ ከዚያ ወደ ኔቡላ ሂዱ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ቻርጅ የተደረገ ባትሪ ይኑራችሁ።

ይህ ሁሉ ጣጣ የከበደው ሰው ደግሞ አለ። ለእርሱ ቴሌስኮፕ፣ ካሜራና መቆሚያ በአንድ ዕቃ የተሠሩ አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ለገበያ የቀረበው ሲስታር ኤስ50 በስልክ ይታዘዛል፣ ኮከቡን ራሱ ያገኛል፣ ራሱ ይደራርባል። አፉ 50 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ለፕላኔት አይሆንም፤ ለኔቡላ ግን ከጠበቅሁት በላይ ነው። ስለ ሰማይ ለማወቅ ለሚፈልግ ይበቃዋል፤ መሣሪያውን ለማወቅ ለሚፈልግ አይበቃውም።

አንድ ማሳሰቢያ ይቀራል። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ጅዳና መካ ላይ ፀሐይ ከአምስት ደቂቃ በላይ ሙሉ በሙሉ ትጋረዳለች፤ ኢትዮጵያ ውስጥ በከፊል ይሆናል፤ ያውም በክረምት። ሳዑዲ ያላችሁ ካሜራችሁን አዘጋጁ፤ ነገር ግን ሙሉ ግርዶሹ ከሚቆይባቸው ደቂቃዎች በቀር፣ ለፀሐይ የተሠራው ማጣሪያ ከቴሌስኮፑ አፍ ላይ አይነሣ። በካሜራው በኩል የሚገባውን ትንሽ ማጣሪያ አትመኑ፤ የተሰበሰበው ሙቀት ይሰነጥቀዋል።