ስሙን ሁለት ጊዜ ያጣው የኳስ ማኅበር

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። ከሐይቁም ዳር ስመ ጥሩው የእስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል። በ13ኛው ምዕተ ዓመት ገዳሙን ያስተዳደሩት አባ ኢየሱስ ሞዐ ለገዳሙ ያሠሩት አራቱ ወንጌል ቅዱስ ቃሉን ብቻ የያዘ መጽሐፍ አይደለም፤ ለገዳሙ የተሰጠው ስጦታና የገዳሙ ንብረትም ተመዝግቦበታል። ከ700 ዓመት በኋላ ስለዚያ ዘመን አፋችንን ሞልተን ለመናገር የቻልነው አንድ ጸሐፊ ብዕሩን አንሥቶ ስለጻፈልን ነው።

ይህን ማንሣታችን ስለ ገዳም ለመተረክ ሳይሆን ስለ ኳስ ለመጻፍ ነው። ሁለቱ የማይገናኙ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ሰዎች ተሰብስበው ያቆሙት ማናቸውም ማኅበር፥ የጸሎትም ይሁን የጨዋታ፥ ዕድሜው የሚረዝመው ታሪኩ ሲጻፍ ነው።

በስዊዘርላንድ ትንንሽ ከተሞች ሳይቀሩ የቴኒስ ማኅበር አላቸው። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1912 ጀምሮ የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕጋቸው፥ ማኅበር የሚያቋቁሙ ሰዎች ደንባቸውን በጽሑፍ እንዲያደርጉ ያዛል። በዓለም የታወቀው ሮጀር ፌደረር በልጅነቱ የተለማመደው በባዝል ከተማ ባለ «ኦልድ ቦይስ» በተባለ እንዲህ ባለ የአካባቢ ማኅበር ነው።

በእኛም አገር ታሪኩ ተጽፎ የሚነበብለት የስፖርት ማኅበር አለ፤ ይኸውም ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። የተመሠረተው በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፥ በአራዳ ነው። መሥራቾቹ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ይባላሉ። ጊዜው ግን የጨዋታ ጊዜ አልነበረም። ሠራዊቱ በሰሜንና በደቡብ ከጠላት ጋር ተያይዞ ነበር። ማኅበሩም ጥቂት ወራት ብቻ እንደቆየ፥ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ገባ።

ጠላት አገሩን ብቻ ሳይሆን ስሙንም ያዘ። ቅዱስ ጊዮርጊስ የሚለው ቀርቶ ቡድኑ «ሊቶሪዮ ውቤ ሠፈር» ተባለ። «ሊቶሪዮ» ከፋሺስቶች ዓርማ የተወሰደ ቃል ነው። ኢትዮጵያውያንና ነጮች በአንድ ሜዳ እንዳይገናኙም ተከለከለ። ይሁን እንጂ ኳሱ አልቆመም፤ ስሙም ከሰው ልብ አልወጣም።

አገሪቱ ነጻ ከወጣች በኋላ በ1936 ዓ.ም. በተደረገው የመጀመሪያው የሊግ ውድድር አምስት ቡድኖች ተሰለፉ። አራራት የአርመኖች፥ ኦሎምፒያኮስ የግሪኮች፥ ፎርቲቱዶ የኢጣልያኖች ነበሩ፤ አራተኛው የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ነበረ። ኢትዮጵያውያንን ወክሎ የቀረበው ቅዱስ ጊዮርጊስ፥ ጥንታዊ ስሙን መልሶ፥ አምስተኛው ሆነ። ያን ጊዜ ድሉ የእንግሊዞቹ ሆነ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ የሊጉን ዋንጫ ያነሣው በ1942 ዓ.ም. ነው።

የዚህ ማኅበር ስም ሲነሣ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ አብረው ይነሣሉ። የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ናቸው። ለቅዱስ ጊዮርጊስ በተጫወቱባቸው 365 ግጥሚያዎች 318 ግቦችን እንዳገቡ ይቆጠርላቸዋል። በጥር ወር 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ የተባበረችውን የዐረብ ሪፐብሊክ (ግብፅን) 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ ቡድኑን ያሠለጠኑት እርሳቸው ነበሩ። በኋላም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ ዕለተ ሞታቸው፥ እስከ 1979 ዓ.ም. አገልግለዋል።

ማኅበሩ ግን ሁለተኛ ፈተና ቆይቶት ነበር። በደርግ ዘመን የስፖርት ቡድኖች በየመሥሪያ ቤቱ እንዲደራጁ ሲደረግ፥ የቅዱስ ጊዮርጊስ ስም ዳግመኛ ቀረና ቡድኑ በቢራ ፋብሪካ ስም ይጠራ ጀመር። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ግን ስሙ ተመለሰ። ሁለት ጊዜ የጠፋ ስም ሁለት ጊዜ ሊመለስ የቻለው የሚያስታውሱት ስለነበሩ ነው።

እንግዲህ በሐይቅም ሆነ በሌላው የወሎ ከተማ፥ ጎረምሶች ገንዘብ አዋጥተው ኳስ ይገዛሉ፤ በየሠፈራቸው ቡድን ያቋቁማሉ። አንዱ ለትምህርት፥ አንዱ ለሥራ ሲሄድ ቡድኑ ይበተናል። ማን እንደ መሠረተው፥ ማን በረኛ እንደ ነበረ፥ ከማን ጋር ተጋጥሞ ስንት ለስንት እንደ ወጣ የሚያውቁት ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ እነርሱም ሲያልፉ ነገሩ አብሮ ያልፋል። ይህን ለማዳን ብዙ ወጪ አያስፈልግም። አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ይበቃል። የተመሠረተበትን ቀን፥ የአባላቱን ስም፥ የመዋጮውን ልክና የግጥሚያውን ውጤት በየጊዜው የሚጽፍ አንድ ታማኝ ልጅ መሾም ነው።

የሐይቅ ልጆች ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልጋቸውም። የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል የተጻፈው እዚያው በአገራቸው፥ በሐይቁ ዳር ነውና።