በርካሽ የሚሠራ የራውተር ጠረጴዛና የአሶሳ ቀርከሃ

መግቢያ

የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ርዕሰ ከተማ አሶሳ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ትገኛለች። በአካባቢዋ በስፋት የሚበቅለው የቆላ ቀርከሃ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ኦክሲቴናንቴራ አቢሲኒካ፣ ከደጋው ቀርከሃ የሚለየው ግንዱ ድፍን ወይም ለድፍን የቀረበ በመሆኑ ነው። ይህ ባሕርይ ጥንካሬ ለሚጠይቁ የቤት ዕቃዎች ተስማሚ ያደርገዋል። ይሁን እንጂ ቀርከሃው በአብዛኛው የሚውለው ለቤት ግድግዳ፣ ለአጥርና ለቅርጫት ነው። ተሰንጥቆና ተጣብቆ እንደ ጣውላ እንዲያገለግል ከተፈለገ ቀጥ ያለ ጠርዝ ሊኖረው ግድ ነው። የሁለት ስንጣቂዎች ጠርዝ በትክክል ካልገጠመ በመካከላቸው ክፍተት ይቀራል፤ ክፍተቱን የሞላው ኮላም የመጋጠሚያውን ጥንካሬ አይተካም።

ጠርዝ የሚያቀኑ ትልልቅ የመላጊያ ማሽኖች ለአነስተኛ ወርክሾፕ ከባድ ወጪ ናቸው። ይህ ጽሑፍ በእጅ የሚያዝ አንድ ራውተር ያለው ባለሙያ ከኮምፔንሳቶና ከቁርጥራጭ እንጨት ጠረጴዛ ሠርቶ ይህንኑ ሥራ እንዴት ሊያከናውን እንደሚችል ያብራራል። አሠራሩ ለዋንዛም ሆነ ለሌላ እንጨት እንዲሁ ያገለግላል።

የአሠራሩ መርህ

የእንጨት ራውተር ቢላውን በደቂቃ ከ10,000 እስከ 30,000 ጊዜ ያህል የሚያሽከረክር መፈልፈያ ነው። በእጅ ሲያዝ ማሽኑ በእንጨቱ ላይ ይሄዳል፤ ከጠረጴዛ ሥር ተገልብጦ ሲታሰር ግን እንጨቱ በማሽኑ ላይ ይሄዳል። ለቀጭን የቀርከሃ ስንጣቂ ይህ ልዩነት ወሳኝ ነው፤ ምክንያቱም በጠባብ ስንጣቂ ላይ ራውተሩ ሳይወላወል የሚያርፍበት ስፍራ የለም።

የጠረጴዛው አካላት

የጠረጴዛው ገጽ 80 በ60 ሴንቲ ሜትር ቢሆን በቂ ነው። ሁለት ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶዎች በኮላ ተጣብቀው 36 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይሰጣሉ። የማሽኑ ክብደት ገጹን በጊዜ ብዛት እንዳያጎብጠው ከሥሩ ተሻጋሪ እንጨቶች ይታሰራሉ። በመሐሉ ቀዳዳ ተከፍቶ ራውተሩ የሚታሰርበት 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የአሉሚኒየም ሰሌዳ ከገጹ ጋር እኩል ሆኖ ይገጠማል። ሰሌዳው ከፍ ወይም ዝቅ ካለ እንጨቱ በሚያልፍበት ጊዜ ይሰናከላል።

ሁለተኛው አካል እንጨቱ ተደግፎ የሚሄድበት መሪ ጣውላ ነው። በፋብሪካ የተሠሩት ጠረጴዛዎች መሪ ጣውላቸውን በልዩ ሐዲድ ያንቀሳቅሳሉ፤ ይህ ግን አስፈላጊ አይደለም። ቢላው ክብ ሆኖ ስለሚሽከረከር መሪ ጣውላው ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ትይዩ መሆን አይጠበቅበትም፤ ቁም ነገሩ ከቢላው ያለው ርቀት ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱን ጫፍ በአንድ ብሎን ማሰርና ሌላውን ጫፍ በሞርሳ መያዝ ይበቃል። ቢላው በመሪ ጣውላው መካከል ላይ ከሆነ፣ ነጻው ጫፍ 1 ሚሊ ሜትር ሲገፋ በቢላው ዘንድ የሚገኘው ለውጥ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በመሆኑም ርካሹ ዘዴ ለጥቃቅን ማስተካከያ ምቹ ሆኖ ይገኛል።

የመሪ ጣውላውን ቀጥተኛነት ለመፈተሽም ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ጠርዙን ተከትሎ በእርሳስ መስመር ይሰመራል፤ ከዚያም ጣውላው ተገልብጦ በዚያው ጠርዝ በእነዚያው ሁለት ጫፎች መካከል ሌላ መስመር ይሰመራል። መስመሮቹ ከተለያዩ በመካከላቸው ያለው ክፍተት የስሕተቱ እጥፍ ነው።

ጠርዝ ማቅናት

መሪ ጣውላው ከሠራተኛው ማዶ ሲሆን እንጨቱ ከቀኝ ገብቶ በግራ ይወጣል። ጠርዝ ለማቅናት በግራው ግማሽ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ፎርማይካ ይለጠፋል። ከዚያም ሶኬቱ ተነቅሎ ቢላው በእጅ እየተሽከረከረ ስለቱ ከፎርማይካው ገጽ ጋር እኩል እስኪሆን ይስተካከላል። በዚህ ሁኔታ ቢላው የፎርማይካውን ውፍረት ያህል ይልጋል፤ የተላገው ጠርዝም ወዲያው በግራው ግማሽ ላይ ድጋፍ ያገኛል።

መሪ ጣውላው ፍጹም ቀጤ ባይሆንም መፍትሔ አለ። አንዱ ስንጣቂ ፊቱ ወደ ላይ፣ አጠገቡ የሚጣበቀው ደግሞ ፊቱ ወደ ታች ሆኖ ከተላገ የአንዱ ጉድለት የሌላውን ያካክሳል፤ ሲጋጠሙም ሰሌዳው ጠፍጣፋ ይሆናል።

ቀርከሃው አስቀድሞ በሚገባ መድረቅ አለበት፤ እርጥብ ሆኖ የተላገ ጠርዝ ሲደርቅ ይጣመማል። ውጫዊ ቆዳው ሲሊካ ስላለው ተራ ብረትን በፍጥነት ያደነዝዛል፤ ስለዚህ ካርባይድ የተገጠመበት ቢላ ይመረጣል። በአንጓው ላይ የቃጫው አቅጣጫ ስለሚለወጥ እዚያ ላይ ዝግ ብሎ መግፋት መሸራረፍን ይቀንሳል።

የደኅንነት ጥንቃቄ

የተገለበጠ ራውተር ከላይ ሲታይ ከሰዓት አቆጣጠር በተቃራኒ ይሽከረከራል። እንጨቱ ከቀኝ ወደ ግራ ሲገፋ ስለቱን ይቃወማል፤ ከግራ ወደ ቀኝ ከተገፋ ግን ቢላው እንጨቱን ከእጅ ነጥቆ ይወረውራል፣ ጣትንም ተከትሎ ሊስብ ይችላል። በተመሳሳይ ምክንያት እንጨቱ በቢላውና በመሪ ጣውላው መካከል በፍጹም ማለፍ የለበትም። ጠባብ ስንጣቂ በመግፊያ እንጨት እንጂ በእጅ አይገፋም።

ፍጥነቱም ከቢላው ስፋት ጋር መመጣጠን አለበት። 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቢላ በደቂቃ 24,000 ጊዜ ሲዞር የስለቱ ፍጥነት በሰከንድ 15 ሜትር ያህል ነው። ባለ 50 ሚሊ ሜትር ቢላ በዚያው ዙር ወደ 63 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት ከ220 ኪሎ ሜትር በላይ ይደርሳል። ስለዚህ ትልቅ ቢላ ሲታሰር የዙሩ ብዛት ወደ ግማሽ ይቀነሳል።

ሌላው አደጋ ከመብራት መቋረጥ ጋር የተያያዘ ነው። ማሽኑ ሳይጠፋ መብራት ቢሄድ፣ ተመልሶ ሲመጣ ቢላው በድንገት መሽከርከር ይጀምራል፤ በዚያች ቅጽበት የሠራተኛው እጅ ቢላው ላይ ሊሆን ይችላል። ኃይል ሲቋረጥ ራሱን የሚያጠፋና እንደገና ካልተጫኑት የማይነሣ ማብሪያ ይህን ያስቀራል። እርሱ ካልተገኘ መብራት እንደሄደ ሶኬቱን መንቀል የማይጣስ ደንብ መሆን አለበት። የእንጨት ብናኝም ቀላል ነገር አይደለም፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ካንሰር አምጪ መሆናቸው ከተረጋገጠ ነገሮች መካከል መድቦታል። ስለዚህ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛና የዓይን መከላከያ መነጽር ከወጪው ዝርዝር ሊቀሩ አይገባም።

መደምደሚያ

ይህ ጠረጴዛ ሁሉንም ማሽን አይተካም። ስንጣቂዎችን ወደ እኩል ውፍረት አያመጣም፤ ርዝመቱ ከመሪ ጣውላው እጥፍ በላይ የሆነን እንጨት ማቅናትም በእርሱ አዳጋች ነው። ይሁን እንጂ ለበርጩማ፣ ለትንሽ ጠረጴዛና ለመደርደሪያ የሚሆን አጫጭር ስንጣቂ በበቂ ጥራት ያዘጋጃል። በአጥርነት ይውል የነበረው ቀርከሃ እዚያው አሶሳ ውስጥ ተጋጥሞ የቤት ዕቃ ለመሆን የሚጎድለው ቀጥ ያለ ጠርዝ ከሆነ፣ ያንን ጠርዝ ለማግኘት ሁለት ኮምፔንሳቶ፣ አንድ ብሎንና የፎርማይካ ቁራጭ ከራውተሩ ጋር ጥሩ መነሻ ናቸው።