አራት ካርድ ያለው ሰው

ከእብናት አንድ ወጣት እናስነሣ። እውነተኛ ሰው አይደለም፣ ለጨዋታችን የፈጠርኩት ነው፤ እንደሱ ያለ ግን በየቀበሌው አለ። ስሙን ኃይሉ ፀጋው እንበለው። ስሙን ያዙልኝ፣ ኋላ እንመለስበታለን። ኃይሉ ክረምት ሲገባ ከጓደኞቹ ጋር ለሰሊጥ አረም ወደ መተማ ይወርዳል፤ አጨዳው ሲያልቅ ይመለሳል። እዚያ እያለ ያተኩሰዋል። አንድ ክሊኒክ ገብቶ ካርድ ያወጣል፣ «ወባ ነው» ይባላል፣ ኪኒን ይውጣል። አገሩ ሲገባ ትኩሳቱም አብሮት ይገባል። እብናት ላይ ሁለተኛ ካርድ ይወጣለታል። ሰውነቱ ከስቶ፣ ሆዱ በግራ በኩል ተነፍቶ ሲታይ ሪፈር ይጻፍለታል፤ አዲስ ዘመን ሦስተኛ ካርድ፣ ከዚያ ጎንደር አራተኛ። አራት ካርድ፣ አራት ቁጥር፣ አንድ ኃይሉ።

ጎንደር ያለው ሐኪም «ከዚህ በፊት በዚህ በሽታ ታክመህ ታውቃለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ለወጉ ያህል የሚጠየቅ ነገር አይደለም። በሽታው ካላዛር ከሆነ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘው ሰውና ድኖ ያገረሸበት ሰው ሕክምናቸው ይለያያል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለያዘው የተለመደው 17 ቀን የሚወጋ መርፌ ነው። ኃይሉ «አምና እዚያው ቆላ ሳለሁ መርፌ ተወግቼ ነበር፤ የምን እንደሆነ ግን እንጃ» ይላል። መልሱ መተማ፣ ካርድ ክፍል መደርደሪያ ላይ ተኝቷል።

ይህን መልስ ከመተማ ጎንደር የሚያደርሰው ነገር ነው የዛሬ ወሬያችን። ባለሙያዎቹ ኢንተርኦፐራቢሊቲ ይሉታል፤ በአማርኛ ደግሞ «ተናባቢነት» የሚል ስም ወጥቶለታል። ስሙን ያወጣው ሰው ይባረክ! ግእዝ የቆጠራችሁ ተናባቢ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። «ቤት» እና «ክርስቲያን» ተናበው «ቤተ ክርስቲያን» ሲሆኑ «ቤት» መጨረሻዋን ትለውጣለች። አጠገቧ ላለው ቃል ስትል ትንሽ ትሰጣለች፤ ሳትሰጥ መናበብ የለም። የጤና መረጃ ሥርዓቶችም እንደዚያው ናቸው፤ ችግሩ ሁሉም መጨረሻውን መለወጥ ያለበት ሌላው እንደሆነ ማሰቡ ነው።

ብዙ ሰው ነገሩን የገመድና የኔትወርክ ጉዳይ አድርጎ ያየዋል። ኮምፒውተሮቹ ይገናኙ እንጂ ሌላው ቀላል ነው ይላል። እኔ ተቃራኒው ነው ባይ ነኝ። ቀላሉ ገመዱ ነው፣ ከባዱ ቃሉ። ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ አልሄድም፤ የእብናት ጎረቤት ሊቦ ከምከም ይበቃኛል።

በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከምና በፎገራ ሰዎች ለረጅም ጊዜ እያተኮሳቸው፣ ጣፊያቸው እያበጠ ይሞቱ ነበር። መጀመሪያ የተጠረጠረው መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው። ደጋ ቀመስ በሆነው በዚያ አገር ካላዛር ይታወቅ ስላልነበረ ግምቱ አያስገርምም። ካላዛር የመተማና የሁመራ ቆላ በሽታ ነበር፤ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ፣ ካልታከመ ከመቶው ከ95 በላይ የሚገድል። ኋላ ሲመረመር ግን ካላዛር ሆኖ ተገኘ፤ ድንበር የለሽ ሐኪሞችም ሕክምናውን አዲስ ዘመን ላይ ጀመሩ። ለወቅት ሥራ ቆላ ወርደው የሚመለሱ ሰዎች ይዘውት እንደመጡም ተገምቷል።

አሁን አንድ ነገር አስቡልኝ። ያኔ ጤና ጣቢያዎቹ ሁሉ ኮምፒውተር ኖሯቸው፣ ኮምፒውተሮቹም ያለ እንከን ተገናኝተው ቢሆን ምን ይፈጠር ነበር? «ወባ» የሚለው የተሳሳተ ቃል ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ቶሎ ይደርስ ነበር። ይኸው ነው። ገመዱ የሚያጓጉዘው የተሰጠውን ነው።

ኦንቶሎጂ የሚባለው ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ስሙ ያስፈራል፤ ግን ቀርባችሁ ስታዩት መዝገበ ቃላት አድጎ የዘር ሐረግ ሲጨመርበት ማለት ነው። መዝገበ ቃላት «ካላዛር ማለት እንዲህ ያለ በሽታ ነው» ይላችኋል። ኦንቶሎጂ ደግሞ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ምን እንደሚያመጣው፣ በምን እንደሚተላለፍ፣ የትኛውን የሰውነት ክፍል እንደሚጎዳ ማሽን ሊከተለው በሚችል መንገድ ያያይዛል። ካላዛር የጥገኛ ተሕዋስያን በሽታ ነው፤ ወባም እንዲሁ። ስለዚህ «በጥገኛ ተሕዋስያን የታመሙትን ሁሉ አምጣልኝ» ብትሉት ማንም ሳይዘረዝርለት ሁለቱንም ያመጣል። ስኖሜድ ሲቲ የተባለው ትልቁ የሕክምና ኦንቶሎጂ እንዲህ የተያያዙ ከ350,000 በላይ ጽንሰ ሐሳቦችን ይዟል።

የእኛን ቋንቋ ስታዩት የነገሩ አስፈላጊነት ወለል ብሎ ይታያችኋል። «ነቀርሳ» ስንት በሽታ ነው? የሳንባ ነቀርሳ ስንል ቲቢ ነው፤ ነቀርሳ ብቻ ስንል ደግሞ ብዙ ጊዜ ካንሰር። አንዱ በመድኃኒት በወራት የሚድን፣ ወደ ሰው የሚተላለፍ፤ ሌላው የማይተላለፍ። በአንጻሩ «ደም ብዛት»፣ «ግፊት»፣ «ደም ግፊት» ሦስት ስም ያለው አንድ በሽታ ነው። ስለ «ስኳር» አላወራም፣ ሻይ ቤትም ክሊኒክም ይገባል። ሰው ከወሬው አካሄድ ይረዳል፤ ማሽን ግን ያልተነገረውን አያውቅም። ለዚህ ነው ከቃሉ ጀርባ ቁጥር የሚቀመጠው። በዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ፣ በ10ኛው እትም፣ ዓይነቱ ያልተለየ ወባ ቢ54 ነው፤ ካላዛር ቢ55.0። አያችሁ? ጎን ለጎን ናቸው። የሊቦ ከምከም ጣጣ በቁጥር ሲጻፍ አንድ እርምጃ ነው።

ምደባና ኦንቶሎጂ ግን አንድ አይደሉም፤ ባለሙያዎችም ሲያምታቷቸው አይቻለሁ። ምደባ እንደ ካርድ ክፍል መደርደሪያ ነው፦ አንድ ወረቀት አንድ ሣጥን ውስጥ ብቻ ይገባል፣ አለዚያ ቆጠራው ይበላሻል። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ኤችአይቪና ካላዛር አብረው የሚገኙባቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም። በ10ኛው እትም ኤችአይቪ ያመጣው የጥገኛ ተሕዋስያን በሽታ ሲሆን ቢ20.8 ወደሚባለው ሣጥን ይሄዳል። ቢ55.0ን ብቻ የቆጠረ ሰው እንዲህ ያለውን በሽተኛ አያገኘውም! እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው 11ኛው እትም ከሥሩ አንድ በሽታ ከአንድ በላይ ወላጅ ሊኖረው በሚችል መረብ ላይ ቆሟል። ከሣጥን ወደ ዘር ሐረግ መሄዱ ነው።

አንድ ልጨምር፣ እኔን በጣም የሚያስደስተኝ ክፍል ስለሆነ። ፋየር የሚባል የጤና መረጃ መለዋወጫ ደንብ አለ፤ የመጀመሪያው ረቂቁ እ.ኤ.አ. በ2011 ወጣ። ይህ ደንብ «የታየው» እና «የተባለው» ተለያይተው እንዲጻፉ ያደርጋል። ሦስት ሳምንት ትኩሳት፣ ያበጠ ጣፊያ፣ ደሙ ሲመረመር ወባ የለም፤ ይህ የታየው ነው። «ወባ ነው» የተባለው ነው። በአንድ መስመር ሲጻፉ የተባለው የታየውን ይውጠዋል። ተለያይተው ከተጻፉ ግን ነገ ሌላ ሰው፣ ወይም ማሽን፣ «ይህን ሁሉ የታየ ነገር ይዘን ስንት ሰው ወባ አልነው?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ኦንቶሎጂ ሐኪም አይተካም፤ ትክክለኛውን ጥያቄ ግን በሕይወት ያቆየዋል።

ወደ አርክቴክቸሩ፣ ሥርዓቶቹ እርስ በርስ ወደሚገናኙበት ንድፍ፣ እንሂድ፤ መናኸሪያ አስቡ። ከእብናት ቀጥታ መተማ የሚሄድ አውቶቡስ ፈልጋችሁ አትደክሙም፤ አዲስ ዘመን ወጥታችሁ ጎንደር መናኸሪያ ትለውጣላችሁ። እያንዳንዱ ከተማ ወደ እያንዳንዱ ከተማ የራሱ መስመር ይኑረው ቢባል መኪናው አይበቃም። ሶፍትዌርም እንዲሁ ነው። 10 ሥርዓቶችን ሁለት ሁለቱን ለማገናኘት 45 መስመር ያስፈልጋል፤ መሐል ላይ አንድ መናኸሪያ ካቆማችሁ 10 ይበቃል። ኦፕን ኤችአይኢ የሚባለውና የኢትዮጵያም ዕቅድ የተከተለው ንድፍ ይህ ነው።

መናኸሪያው ብቻውን አይሠራም፣ መዝገቦች ይፈልጋል። የጤና ተቋማት መዝገብ አንዱ ነው። እብናት በላቲን ፊደል ኢብናት፣ ኤቢናት፣ ኤብናት፣ ኢቢናት ተብላ ስትጻፍ አይቻለሁ። ለእናንተ አንድ ናት፤ ለኮምፒውተር አራት ከተማ። መዝገቡ ለተቋሙ አንድ ኮድ ይሰጠዋል፣ ከዚያ በኋላ ማንም እንደፈለገ ቢጽፈው ግድ የለም። የቃላቱም ብሔራዊ መዝገብ እንዲሁ አለ፤ «አዲስ በሽተኛ» ማለት እዚህ አገር ምን ማለት እንደሆነ አንድ ቦታ ይወሰናል። አርክቴክቸር ስል የቱን እውነት ማን ይጠብቃል የሚለውን መወሰን ማለቴ ነው፤ የሥዕሉ ሣጥንና ቀስት ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ከሁሉም የሚያስቸግረው የሰው መዝገብ ነው። ኃይሉ ፀጋውን አስታወሳችሁ? ኃይሉ፣ ሃይሉ፣ ሐይሉ፣ ሀይሉ፤ ፀጋው፣ ጸጋው። ስምንት ትክክለኛ አጻጻፍ ያለው አንድ ሰው። የቤተሰብ ስም የለንም፣ የልደት ቀን በቅጡ የሚያውቀውም ጥቂት ነው። ፋይዳ የሚባለው ባለ 12 አሃዝ ቁጥር፣ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው፣ ለዚህ ጥሩ መንገድ ይመስለኛል። ግን ቁጥሩ የሌለው ሰው ከካርድ ክፍል መስኮት ሊመለስ አይገባም፤ ሥርዓቱ ያለ ቁጥርም ሰው መቀበል መቻል አለበት።

ዘመን አቆጣጠሩ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ጥር 5 ቀን 2012 የተወለደ ሕፃን 5/5/2012 ተብሎ ይጻፍና የእኛን አቆጣጠር ወደማያውቅ ሶፍትዌር ይሂድ። ሶፍትዌሩ እንደ ፈረንጅ ሜይ 5 አድርጎ ያነበዋል፤ ሕፃኑ ወደ 8 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ይጨመርለታል፣ ከክትባት ዝርዝሩም ይወጣል። ጳጉሜን ስለማያውቁ ፕሮግራሞች ባናወራ ይሻላል። የእኛ የጤና ሪፖርት ወር ራሱ ከ21 እስከ 20 ነው የሚቆጠረው፤ ይህን ለውጭ ባለሙያ ማስረዳት ግማሽ ቀን ይፈጃል።

አገራችን ከባዶ እየጀመረች አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን በ1995 ሲጀመር ወረቀት ነበር፤ ኋላ የቤተሰብ ፎልደር መጣ፣ ቀጥሎም ባለሙያዋ በታብሌት የምትመዘግብበት ኢ-ሲኤችአይኤስ። ለሪፖርት ደግሞ በ2010 አካባቢ ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የመጣው ዲኤችአይኤስ 2 ገባ። ዲኤችአይኤስ 2 ላይ ግን ኃይሉን አታገኙትም፤ ለሪፖርት የሚላከው ድምር ነው። መተማ «አንድ ወባ»፣ ጎንደር «አንድ ካላዛር» ብለው ይልካሉ፣ ሁለቱም አንድ ሰው እንደሆነ ድምሩ አይናገርም። ሰውን የሚከተል ሥርዓትና ቁጥርን የሚሰበስብ ሥርዓት ካልተናበቡ የወረዳው ባለሙያ በወባ ቁጥር ይደነግጣል፣ በካላዛሩ ይረጋጋል።

ኔትወርኩስ ትሉኝ ይሆናል። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ለወራት መቋረጡን ታስታውሳላችሁ። ስለዚህ እዚህ አገር አርክቴክቸር የሚነድፍ ሰው ኔትወርክ የለም ብሎ መጀመር አለበት። መረጃው መጀመሪያ እጅ ላይ ባለው መሣሪያ ይቀመጣል፤ መስመር ሲገኝ ይላካል። ኢ-ሲኤችአይኤስ እንዲህ ነው የሚሠራው። አስቸጋሪው ሁለት ሰዎች ኔትወርክ በሌለበት ስለ አንድ በሽተኛ ሁለት የተለያየ ነገር ሲጽፉና ኋላ ሲገናኙ ነው፤ የቱ ያሸንፋል? ሕጉ ቀድሞ መጻፍ አለበት።

ኃይሉ አሁን ቤቱ ነው። አራቱን የካርድ ቁጥሮች በላስቲክ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ አስቀምጧል። የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን እህት ታብሌቷን ይዛ መጥታለች፤ እናቱን ታውቃለች፣ መተማ የወረደበትን ወር ታውቃለች፣ መርፌውን 17 ቀን መጨረሱን ከጎንደር በያዘው ወረቀት አይታ ትመዘግባለች። «በየትኛው ኃ ነው የምትጽፈው?» ትለዋለች። ይስቃል። መረጃው ገባ፤ ለመላክ ግን መስመር የለም። ታብሌቷን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወደሚቀጥለው ቤት ትሄዳለች።