ቡና፣ ቡን፣ ቦነ

በጌዴኦ ዞን፣ ይርጋጨፌ ወረዳ፣ ኮንጋ ቀበሌ ሁሉም ነገር ቡና ነው። ከትልልቁ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ከእንሰት ጎን የቆመው ተክል ቡና ነው። ለቃሚዋ የምትሸመጥጠው ቀይ ፍሬ፣ ማጠቢያው ዘንድ አልጋ ላይ የተሰጣው፣ ማታ ከጀበናው የሚንቆረቆረውም ቡና ነው። ጎረቤት የሚጠራው «ኑ ቡና ጠጡ» ተብሎ ነው። እሸት ይሁን ጀንፈል፣ ስሙ አይለወጥም።

ይኸው ቡና ጀርመን አገር ሲደርስ ፍሬው «ካፌቦነ» ይባላል። ሆላንዶች «ኮፊቦን»፣ እንግሊዞች «ኮፊ ቢን» ይሉታል። «ቦነ» ሲባል የሰማ ኢትዮጵያዊ «የእኛው ቡና ነው» ቢል አይፈረድበትም፤ ድምፁ እጅግ ይቀርባል።

ቦነ ግን ባቄላ ማለት ነው። የቋንቋ ሊቃውንት እነዚህን ቋንቋዎች አነጻጽረው ለጋራ እናታቸው «ባውኖ» የሚል ጥንታዊ ቃል ይሰጣሉ። ቡና አውሮፓ ከመግባቱ ከ500 ዓመት በላይ ቀድሞ እንግሊዞች ባቄላን በዚህ ቃል ዘር ሲጠሩ ኖረዋል። የቡናን ፍሬ ባዩ ጊዜ ቅርጹ ባቄላ መሰላቸው፤ በዕፅዋት ዝምድና ግን ሁለቱ አይገናኙም።

«ካፌ»ስ? ከቱርክኛው «ካህቬ»፣ እሱም ከዓረብኛው «ቀህዋ» የመጣ ነው፤ ቀህዋ ደግሞ ቀድሞ የወይን ጠጅ መጠሪያ ነበር። ስሙን ከከፋ የሚያመጡት ብዙ ናቸው። እኔን አያሳምነኝም፤ ከፋዎች ራሳቸው የሚሉት «ቡኖ» ነውና።

ከሁሉ የሚያስገርመኝ የእኛ ቃል ጀርመንኛ ደጃፍ ደርሶ መቅረቱ ነው። የአውግስቡርጉ ሐኪም ሌዮንሃርድ ራውቮልፍ እ.ኤ.አ. በ1573 በሶርያዋ ሐለብ ከተማ ነበር። ሰዎች በማለዳ እንደ ቀለም የጠቆረ ትኩስ መጠጥ ሲጠጡ አየ። በ1582 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ መጠጡን «ቻውቤ»፣ ፍሬውን «ቡኑ» ብሎ ጻፈ፤ በቀጭን ልባስ ውስጥ ሁለት ብጫማ ፍሬ እንዳለም ገለጸ። እሸት ቡና በጣቱ ፈልፍሎ የሚያውቅ የኮንጋ ልጅ ይህን ቢሰማ ምን እንደሆነ ወዲያው ይናገራል። «ቡኑ» ከዓረብኛው «ቡን» የተወሰደ ነው፤ ትግርኛውም «ቡን»፣ ኦሮምኛውም «ቡና» የሚለው ያንኑ ነው።

ከዚያ በኋላ ግን በአውሮፓ የመጠጡ ስም አሸነፈ፤ ለፍሬው ደግሞ ከጓዳቸው ባቄላን አነሡለት። «ቡኑ» የጀርመንኛ ቃል ሳይሆን ቀረ። ዛሬ ከኮንጋ የሚሄደው ቡና በበርሊንም በስቶክሆልምም ሲሸጥ ማሸጊያው ላይ «ይርጋጨፌ» ይላል፤ ይህን ስም አልተረጎሙትም።