እሳቱ ከጠፋ በኋላ፦ የሮኬት ሞተር ሙከራን በሳተላይት ምስል ማንበብ



የሮኬት ሞተር መሬት ላይ ታስሮ ሲሞከር ነበልባሉ የሚቆየው ለሰከንዶች፣ ቢበዛ ለጥቂት ደቂቃዎች ነው። ፎቶ የሚያነሱ ሳተላይቶች ግን በአንድ ቦታ ላይ የሚያልፉት በቀን አንድ ጊዜ ወይም በየጥቂት ቀናቱ ነው። ስለዚህ ተንታኙ እሳቱን ራሱን የማየት ዕድሉ እጅግ ጠባብ ነው፤ የሚያነበው ከሙከራው በፊት የነበረውን ዝግጅትና ከሙከራው በኋላ የቀረውን አሻራ ነው።

በሰሜን ኮሪያ ምዕራባዊ ጠረፍ የሚገኘው የሶሄ ማዕከል ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 2018 ከተካሄደው የሲንጋፖር ጉባኤ በኋላ፣ በጁላይ የተነሱ ምስሎች የሞተር መሞከሪያው ማማ በከፊል ሲፈርስ አሳዩ። በማርች 2019 መጀመሪያ የተነሱት ደግሞ መልሶ መገንባቱን አሳዩ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 7 ቀን በተነሳ ምስል ላይ ተሽከርካሪዎችና ዕቃዎች በማማው አካባቢ ታዩ፤ በማግሥቱ አብዛኞቹ የሉም፤ መሬቱ ግን በኃይለኛ ጋዝ የተጠረገ ይመስላል። መንግሥቱ በ7ኛው ቀን «እጅግ አስፈላጊ ሙከራ» መደረጉን ሲያስታውቅ ምን እንደተሞከረ አልገለጸም። የሞተር ሙከራ ነው የሚለውን ድምዳሜ ያጠናከረው የሁለቱ ምስሎች ልዩነት ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። የጠቆረ ሣር የሙከራ ቃጠሎ ሊሆን ይችላል፤ ገበሬ የለኮሰው እሳት ወይም የኮረብታ ጥላም ሊሆን ይችላል። የቀለጠ በረዶም ፀሐይ ያቀለጠው ሊሆን ይችላል። ስለሆነም አንድን ምስል ብቻውን ሳይሆን፣ በተመሳሳይ ወቅትና ሰዓት ከተነሱ የቀደሙ ምስሎች ጋር ማነጻጸር ግድ ይላል። የምስሉ ጥራትም ወሳኝ ነው፤ አንዱ ነጥብ 3 ሜትር በሚሸፍንበት ምስል የጭነት መኪና ጥቂት ነጥቦች ብቻ ነው፤ በ30 ሴንቲ ሜትር ግን ቅርጹ ይለያል። በነፃ የሚገኘው የሴንቲኔል-2 ምስል 10 ሜትር ቢሆንም፣ በዓይን የማይታየውን ቅርብ ኢንፍራሬድ ብርሃን ስለሚመዘግብ የዕፅዋትን መቃጠል ይጠቁማል።

ከእነዚህ ምስሎች መካከል የሞተሩን ግፊት በቀጥታ የሚነግረን የለም። ሙከራው ተሳክቶ እንደሆነም በእርግጠኝነት አያሳዩም። የአገሮች ውሳኔ በእንዲህ ያለ ትንተና ላይ ሊመሠረት ስለሚችል፣ በምትጽፉት ዘገባ ሁሉ ያያችሁትን፣ ከዚያ ተነሥታችሁ የገመታችሁትንና ያላወቃችሁትን ለይታችሁ አስቀምጡ። ሦስቱ ሲደባለቁ ምስሉ ማስረጃ መሆኑ ቀርቶ የአስቀድሞ እምነታችን ጌጥ ይሆናል።