ከመዘግየት መቅረት የሚሻልበት ሥራ፦ ገመድ አልባ የገና መብራት መቆጣጠሪያ

መግቢያ

በአሜሪካ የገና ሰሞን ብዙ ሰው የቤቱን ጣሪያ፣ አጥርና ዛፍ በመብራት ያስጌጣል። አንዳንዶቹ ደግሞ መብራቱን ከሙዚቃ ጋር ያስማሙታል፤ ከበሮው ሲመታ ጣሪያው ቦግ ይላል፣ ዜማው ረገብ ሲል ዛፉ ቀስ እያለ ይደበዝዛል። ይህ ነገር በሰፊው እንዲታወቅ ካደረጉት ሰዎች አንዱ ካርሰን ዊልያምስ የተባለ የኦሃዮ ግዛት ኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ2004 ሜሰን በተባለች ከተማ 16 ሺህ መብራቶችን በ88 ቻናል ከፋፍሎ ቤቱን በሙዚቃ አበራ፤ ቪዲዮውም በሚቀጥለው ዓመት በኢንተርኔት ተሰራጨ።

እኔ ይህን ርእስ የመረጥኩት ለጌጡ ብዬ አይደለም። ኮሙኒኬሽን ስንማር ደጋግመን የሰማነው «መልእክት መድረስ አለበት፤ ካልደረሰ እንደገና ይላካል» የሚለውን ነው። በመብራት ሥራ ግን ይህ ሕግ ይገለበጣል። አባባላችን «ከመቅረት መዘግየት ይሻላል» ይላል፤ እዚህ ግን ከመዘግየት መቅረት ይሻላል። ለምን? በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህንን ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ሥራው እንዴት ነው?

በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ዘፈኑና የመብራቱ ቅደም ተከተል አስቀድሞ ይዘጋጃል። ለዚህ ኤክስላይትስ የተባለ ነጻ ሶፍትዌር አለ። ሶፍትዌሩ ጊዜን እንደ ፊልም በፍሬም ይከፋፍለዋል። አንዱ ፍሬም ብዙውን ጊዜ 25 ወይም 50 ሚሊሰከንድ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ፍሬም ለእያንዳንዱ ቻናል ከ0 እስከ 255 የሆነ ቁጥር ይሰጣል፤ 0 ማለት ጠፍቷል፣ 255 ማለት ሙሉ በሙሉ በርቷል።

ይህን ቁጥር ወደ መብራቱ ለማድረስ ከመድረክ መብራት የተወረሰ ዲኤምኤክስ 512 የሚባል ስታንዳርድ አለ። በ1 ሰከንድ 250 ሺህ ቢት በኬብል ያስተላልፋል፤ 512ቱንም ቻናል በ1 ሰከንድ ውስጥ 44 ጊዜ ያህል ያድሳል። በቃ፣ ኬብል ካለ ነገሩ አለቀ። ችግሩ ኬብሉ ነው። ከቤት ወደ አጥር፣ ከአጥር ወደ ዛፍ፣ መኪና የሚገባበትን መንገድ አቋርጦ፣ በበረዶ ላይ መዘርጋት አለበት። ገመድ አልባ መቆጣጠሪያ የመጣው ይህን ለማስቀረት ነው። ላኪው ከኮምፒዩተሩ ጋር ይያያዛል፤ በየዛፉና በየአጥሩ ሥር ደግሞ አንድ አንድ ተቀባይ ይቀመጣል።

«ደርሶኛል» ማለት የሚጎዳው ለምንድን ነው?

ለምሳሌ ያህል ርካሽና የታወቀውን ኤንአርኤፍ 24 ኤል 01 የተባለ የራዲዮ ቺፕ እንውሰድ። በ2.4 ጊጋኸርዝ ይሠራል፤ አንዱ ፓኬት የሚይዘው ቢበዛ 32 ባይት ነው። 2 ባይት ለመለያ ቁጥር ብንተው 30 ቻናል ይቀረናል፤ ስለዚህ 512 ቻናል 18 ፓኬት ይፈልጋል። በ1 ሜጋቢት ፍጥነት አንዱ ፓኬት ከነመነሻ ጊዜው 0.45 ሚሊሰከንድ ያህል ይወስዳል። 18ቱ ሲደመሩ 8 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ከ25 ሚሊሰከንድ ፍሬም ውስጥ ገና ብዙ ተረፈ ማለት ነው። እንግዲህ ፍጥነት ችግር አልነበረም።

ችግሩ የሚመጣው ተቀባዩ «ደርሶኛል» ብሎ እንዲመልስ ስናደርግ ነው። ይህ ቺፕ ምላሽ ካላገኘ እስከ 15 ጊዜ ራሱ እየደጋገመ ይልካል፤ በሁለት ሙከራዎች መካከል የሚጠብቀው ጊዜ በከፍተኛው ቅንብር 4 ሚሊሰከንድ ነው። እስቲ አስቡት፦ አንዱ ተቀባይ ከእርጥብ ዛፍ ጀርባ ሆኖ ሲግናል አጣ። ላኪው 15 ጊዜ ሲሞክር ከ60 ሚሊሰከንድ በላይ ያልፋል፤ ያም ከሁለት ፍሬም ይበልጣል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ደኅና የነበሩት ተቀባዮች ሁሉ ቆመው ይጠብቃሉ። የአንዱ ችግር ለሁሉም ተረፈ አይደል?

60 ሚሊሰከንድ ምን አላት የሚል ሊኖር ይችላል። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለቴሌቪዥን ባወጣው ምክረ ሐሳብ መሠረት ድምፅ ከምስል በ45 ሚሊሰከንድ ከቀደመ፣ ወይም በ125 ሚሊሰከንድ ከዘገየ ተመልካች ማስተዋል ይጀምራል። ድምፅ ሲዘገይ የምንታገሠው ስለለመድነው ነው፤ መብረቅ ከታየ በኋላ ነው ነጎድጓዱ የሚሰማው። ድምፅ ከብርሃን መቅደሙን ግን ዓይናችን አልለመደውም። መብራቱ በ60 ሚሊሰከንድ ከዘገየ ደግሞ ድምፁ ቀደመ ማለት ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ምላሽ አለመጠየቅ። ላኪው እንደ ራዲዮ ጣቢያ አንድ ጊዜ ለሁሉም ይናገራል፤ ሁሉም ተቀባዮች ያንኑ ፓኬት በአንድ ቅጽበት ይሰማሉ፤ እያንዳንዱም የራሱን ቻናል ብቻ ይወስዳል። ያልሰማ አልሰማም። የተረፈው ጊዜ ስላለ እያንዳንዱን ፓኬት ሁለት ሁለት ጊዜ መላክም ይቻላል። ይህ ግን አስቀድሞ በልክ የተወሰነ ድግግሞሽ ስለሆነ ማንንም አያስጠብቅም።

ትእዛዝ ሳይሆን ሁኔታ

ታዲያ ፓኬቱ ሲጠፋ መብራቱ አይበላሽም ወይ? ይህ የሚወሰነው በምንልከው ነገር ነው። «5ኛው ቻናል ጥፋ» የሚል ትእዛዝ አንድ ጊዜ ብቻ ልከን ቢጠፋብን፣ ያ መብራት ሌላ ትእዛዝ እስኪመጣ እንደበራ ይቀራል። በየፍሬሙ «የ5ኛው ቻናል መጠን 0 ነው» እያልን ሁኔታውን ከላክን ግን አንዱ ቢጠፋ ከ25 ሚሊሰከንድ በኋላ የሚመጣው ያርመዋል። ተመልካቹ ልብ እንኳ አይለውም። የጠፋው መልእክት ዋጋው ካለፈ በኋላ ተጎትቶ ቢመጣ ግን አዲሱን ሁኔታ በአሮጌ ይተካዋል። ከመዘግየት መቅረት ይሻላል ያልኩትም ለዚህ ነው። ለጥንቃቄ ያህል ተቀባዩ ለ1 ሰከንድ ምንም ካልሰማ መብራቱን እንዲያጠፋ ማድረግ ይገባል።

የራዲዮውን ቻናል መምረጥም ቀላል ነገር አይደለም። በአሜሪካ አብዛኛው ዋይፋይ ቻናል 1፣ 6 እና 11 ላይ ይውላል፤ የ11ኛው የላይኛው ጫፍ 2473 ሜጋኸርዝ ገደማ ሲሆን፣ የተፈቀደው ክልል የሚያበቃው 2483.5 ላይ ነው። በመካከል ያለችው ክፍተት ትንሽ ብትሆንም ጸጥ ያለች ናት። ሙከራው ሰው በሌለበት ሰዓት ተደርጎ፣ ማታ ስልክ የያዘ ተመልካች ሲሰበሰብ ነገሩ የሚለወጠው ስልኩም የሰውም ገላ ለ2.4 ጊጋኸርዝ እንቅፋት ስለሚሆኑ ነው። ስለዚህ መሞከር ያለበት በሰው መካከል ነው።

መብራቱ ሲበዛ

ዛሬ ብዙዎች የሚጠቀሙት እያንዳንዱ አምፖል ለብቻው ቀለም የሚቀይርበትን ፒክስል ነው። አንድ ፒክስል 3 ቻናል ይፈጃል። 10 ሺህ ፒክስል 30 ሺህ ቻናል ነው፤ በሰከንድ 40 ፍሬም ቢላክ 9.6 ሜጋቢት ይሆናል። ያ ቺፕ ደግሞ ቢበዛ 2 ሜጋቢት ነው አቅሙ። አልቻለም።

በዚህ ጊዜ የሚደረገው ቁጥሩን ትቶ ጊዜን መላክ ነው። ቅደም ተከተሉ በየተቀባዩ ሚሞሪ ካርድ ላይ አስቀድሞ ይጫናል፤ በአየር የሚሄደው «አሁን እዚህ ደርሰናል» የሚል አጭር ምልክት ብቻ ይሆናል። ፋልከን ፕሌየር የተባለው ሶፍትዌርም በዚህ መንገድ ይሠራል። ምልክቱ ለምን ያስፈልጋል ቢባል፣ ሁለት ክሪስታሎች እኩል ስለማይቆጥሩ ነው። ከሚሊዮን በ20 የሚሳሳቱ ሁለት ክሪስታሎች በተቃራኒ አቅጣጫ ቢሄዱ፣ በ3 ደቂቃ ዘፈን ውስጥ 7 ሚሊሰከንድ ያህል ይለያያሉ፤ ይህ አይታይም። በ4 ሰዓት ምሽት ግን ልዩነቱ ከግማሽ ሰከንድ ያልፋል። ስለዚህ ቢያንስ በየዘፈኑ መጀመሪያ ሰዓታቸውን ማስተካከል ያሻል።

ድምፁና አደጋው

ድምፅ በአየር በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ከድምፅ ማጉያው 34 ሜትር የራቀ ሰው 100 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ይሰማል። ለዚህም፣ ጎረቤት ላለመረበሽም ሲባል፣ ሙዚቃው በአነስተኛ የኤፍኤም ማስተላለፊያ ይለቀቃል፤ ተመልካቹም መኪናው ውስጥ ሆኖ በራዲዮ ይሰማል።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ገመድ አልባ የሆነው መረጃው ብቻ ነው፤ ኃይሉ አሁንም በገመድ ነው የሚመጣው። በእርጥብ ሣር ላይ 120 ቮልት ቀልድ አይደለም። ሳጥኑ ውኃ የማያስገባ፣ ሶኬቱም ከረንት ወደ መሬት ሲፈስ ወዲያው የሚቆርጥ መሆን አለበት። ለ120 ቮልት የተሠራን መብራት እኛ አገር 220 ቮልት ላይ መሰካትም ማቃጠል ነው። ለተማሪ ሙከራ 5 ወይም 12 ቮልት ፒክስል ይበቃል።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ከገና መብራት ያለፈ ይመስለኛል። በየሰዓቱ የውኃ ቆጣሪ ንባብ የሚልክ መሣሪያ ብንሠራ መልእክቱ ቢዘገይም ዋጋ አለው፤ ስለዚህ «ደርሶኛል» ይጠየቅ፣ ይደጋገም። ለመብራት ግን ያለፈው ፍሬም ዋጋ የለውም። የመመረቂያ ፕሮጀክት የምንመርጥ ተማሪዎች የትኛውን ቺፕ፣ የትኛውን ፕሮቶኮል ከማለታችን በፊት «ይህ መልእክት ጊዜው ካለፈ በኋላ ምን ይጠቅማል?» ብለን ብንጠይቅ ግማሹ ሥራ ያኔውኑ ይቀላል።